ዓመቱን በዜማ የደለደለው ሊቅ፤ ከአክሱም እስከ ስሜን ተራሮች

ደባርቅ፦ ግንቦት 11

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሽቅብ የሚጓዝ መንገደኛ ገደሉን በገደል፣ ጉሙን በጉም እየተሻገረ ወደ ስሜን ተራሮች ይዘልቃል። ከራስ ደጀን ጋር በአንድ ሰንሰለት ከቆሙት ከፍታዎች አንዱ አባ ያሬድ ይባላል። ስሙ የአንድ ሰው ስም ነው። ያ ሰው በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደኖረ የሚነገርለት፣ የኢትዮጵያ የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ ነው። ግንቦት 11 መታሰቢያው የሚከበርበት ዕለት ነው።

ዛሬ በበይነ መረብ የሚሰማ ራዲዮ ለመክፈት የሚሰናዳ ሰው ከማይክሮፎኑና ከኮምፒዩተሩ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች አሉ። የትኛው ዜማ በየትኛው ጊዜ፣ በምን ቃና ይሰማ? ምን በየዕለቱ ይመለስ? ምን በዓመት አንዴ ብቻ ይምጣ? መቼስ መሣሪያው ዝም ይበል? በዚህች አገር ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሟላ መልስ የተሰጠው ራዲዮ ከመፈልሰፉ ከአንድ ሺህ ዓመታት በላይ አስቀድሞ ነበር።

ገድሉና ትውፊቱ እንደሚናገሩት ቅዱስ ያሬድ በአክሱም በ505 ዓ.ም ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ሞተበትና እናቱ ለትምህርት ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። ልጁ ግን ትምህርት አልገባው አለ። የተማረው አልያዝልህ ብሎት፣ ግርፋቱም በርትቶበት መምህሩን ጥሎ ኮበለለ። ማይ ኪራሕ በተባለ ስፍራ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ሲወጣ ተመለከተ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ፍሬው ላይ ደረሰ። ያሬድም ከትሉ እንዳያንስ ራሱን ገሥጾ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የሸሸውን ትምህርት ሁሉ ጠንቅቆ ዲያቆንም መምህርም ሆነ።

ዜማውን ከሰማይ በተላኩ ሦስት አዕዋፍ ተማረው ይላል ትውፊቱ። በአክሱም ጽዮን ቆሞ የመጀመሪያውን ዜማ፣ አርያምን፣ ባሰማ ጊዜ ንጉሡም ሕዝቡም ካህናቱም ተሰብስበው አደመጡት። ለዝማሬው ሦስት ቃና ሰጠው፤ ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ግእዝ ጽኑና ቀጥተኛ ነው፤ የአዘቦቱን ቀን ይሸከማል። ዕዝል ረጋ ያለ ነው፤ ለጾምና ለኀዘን ይስማማል። አራራይ ከፍ ብሎ ልብን ይነካል፤ ለታላላቅ በዓላት ይሆናል። አድማጩ ቃሉን ሳይለይ እንኳ ከቃናው ብቻ ቀኑ የምን ቀን እንደሆነ ያውቃል።

ቃናውን ከመረጠ በኋላ የቀረው ጊዜውን መደልደል ነበር። ከእርሱ የተወረሰው ድጓ ዓመቱን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በሦስት ከፍሎ ይጓዛል። ዮሐንስ ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 30 ነው። አስተምህሮ ከታኅሣሥ 1 ተነሥቶ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይዘልቃል። ፋሲካ ደግሞ ከትንሣኤ እስከ ዓመቱ ማብቂያ ይደርሳል። በመካከል ያለውን ዐቢይ ጾም ጾመ ድጓ ይይዘዋል። ምዕራፍ የተባለው መጽሐፍ በየጊዜው የሚመላለሰውን፣ የማይለወጠውን ክፍል ያጸናል፤ ድጓው በዚያ ላይ የዕለቱን ልዩ ዜማ ያስገባል። ዝማሬ ከቁርባን በኋላ፣ መዋሥዕት ለሙታን መታሰቢያ ይባላሉ።

ድልድሉ ግትር አይደለም። ፋሲካ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል፤ ፋሲካ ሲቀድም የአስተምህሮ ዘመን ያጥራል፣ ሲዘገይ ይረዝማል። ዝምታም የራሱ ቦታ አለው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ ዜማው በመቋሚያ ብቻ ይዘመማል። በትንሣኤ ከበሮው ሲመለስ ጆሮ ናፍቆት ይቆየዋል።

ሥርዓቱ ከገበሬው ሰማይ ጋር አብሮ ይሄዳል። ሰኔ 26 ክረምት ሲገባ ዜማው ስለ ዘርና ስለ ደመና ይሆናል። ቀጥሎ መብረቅና ነጎድጓድ፣ ባሕርና ወንዝ ይታሰባሉ። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ክፍል ደግሞ በቁራ ጫጩቶች ስም ዕጓለ ቋዓት ይባላል፤ ቁራ ከደጃፉ ለማይጠፋው የስሜን ሰው ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የጽጌ ዘመን ነው። በደባትና በደባርቅ ደጋ የሚያርስ ሰው ከዓመት ዓመት የሚጠብቀው ዝናብ፣ ጎሕና አበባ በቤተ መቅደሱም በየተራቸው ይሰማሉ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የሕይወቱ መጨረሻ ነው። አንድ ቀን ንጉሡ ዐፄ ገብረ መስቀል ዜማውን ሲያደምጥ ተመስጦ የጨበጠውን ጦር በያሬድ እግር ላይ ተከለው። ደሙ ፈሰሰ፤ ዘማሪውም ሰሚውም ዜማው እስኪፈጸም አላወቁትም። ንጉሡ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቅ በመሐላ አስገደደው። ያሬድ ወርቅም ርስትም ሹመትም አልጠየቀም፤ ከከተማው ወጥቶ በምናኔ እንዲኖር እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ። ንጉሡ እያዘነ፣ በመሐላው ተይዞ፣ ፈቀደ።

ያሬድ ከሁሉ የላቀ አድማጩን ትቶ ወደ ስሜን ብርድ ወጣ። በዚያ እያስተማረና እየጸለየ ቀሪ ዘመኑን እንደፈጸመ፣ ግንቦት 11 ቀንም እንደተሰወረ ይነገራል። አክሱም ግን ያለ ዜማ አልቀረችም። ዜማው ለንጉሥ ጆሮ ወይም ለአንድ ድምፅ ሳይሆን ለቀኑ የተሠራ ነበርና፣ ቀኑ ሲመጣ ዜማው ይመጣል፤ ዘማሪው ይለወጣል።

ይህ አደራ በቃል ብቻ ሲወርድ ቆይቶ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክት እንዳደራጁት ይተረካል። ድፋት፣ ሒደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት እያሉ ከፊደሉ በላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ምልክቶች ድምፁ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚያዝ ይናገራሉ። በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ሆና ኖራለች። ሆኖም ምልክቱ ያለ መምህር አፍ አይነበብም። ተማሪው ዛሬም ረጅም ዓመታት በመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይቀጽላል፤ ያ ወንበር የታጠፈ ዕለት መጽሐፉ ቢኖርም ድምፁ ይጠፋል።

በስሜን ተራሮች ግርጌ ሰኔ ሲገባ ማረሻው ከአፈር ይገናኛል፣ ደመናውም ከገደሉ ሥር ይነሣል። በየደብሩ የዘርና የደመናው ዜማ ተራው ደርሷል። የሰውየው ስም ያለበት ተራራ ከላይ ጉም ለብሶ ቆሟል።