የዶሮ ቅልጥምና ቶማስ ሀክስሊ

ዶሮ ሲገነጠል ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ እንግሊዛዊው ቶማስ ሀክስሊ ነው። በ1825 (እ.ኤ.አ.) ተወልዶ በልጅነቱ ትምህርት ቤት የቆየው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር፤ የቀረውን በራሱ ንባብ ሞላው።

በ1861 ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ ላባው ድንጋይ ላይ የታተመ ፍጥረት ተገኘ፤ አርኬዮፕተሪክስ። ክንፉ የወፍ፣ ረጅሙ የጭራ አጥንቱ የእንሽላሊት። የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ሪቻርድ ኦወን ወፍ ነው ብሎ መዘገበው። ሀክስሊ ወፍነቱን አልካደም፤ ግን በ1868 ኦወን ግራ እግሩን ከቀኙ እንዳምታታ አሳየ። (ይህ ድፍረት ለእኔ ከግኝቱ አያንስም!) ከዚያው ከባቫሪያ የተገኘውን ዶሮ የሚያህል ዳይኖሰር፣ ኮምፕሶግናተስን፣ ጠቅሶም ዳሌውና እግሩ የወፍ ስለሚመስል ወፎች ከዳይኖሰር ወገን ናቸው ብሎ ተከራከረ።

በ1895 ሞተ። ሐሳቡ ለአሥርት ዓመታት ተገፍቶ ከኖረ በኋላ፣ በ1996 ቻይና ውስጥ ላባ መሰል ሽፋን ያለው ዳይኖሰር ይፋ ሆነ።