ቅዱስ ያሬድ፦ በጆሮ የተማረ፣ በጆሮ ያስተማረ

ግንቦት 11 ቀን መታሰቢያውን የምናከብርለት ቅዱስ ያሬድ፣ የዜማ አባት ከመባሉ አስቀድሞ ትምህርት አልገባ ያለው ተማሪ ነበር። በ505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ ይነገራል። አባቱ በሞተ ጊዜ እናቱ ለአጎቱ ለመምህር ጌዴዎን ሰጠችው። ሆኖም ቃሉ በጆሮው ቢገባም በልቡናው አልረጋ አለ፤ መምህሩም በብርቱ ይቀጣው ነበር። ብላቴናው ተማርሮ ሸሸ።

ገድሉ እንደሚተርከው፣ ማይ ኪራህ በተባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ፣ አንድ ትል ወደ ፍሬው ለመውጣት ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ሲደርስ አየ። ወደ መምህሩም ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ምሥጢሩም ተገለጠለት። ከዚያም ከገነት በተላኩ ሦስት አዕዋፍ አማካይነት ሰማያዊውን ዜማ ሰማ፤ የሰማውንም በአክሱም ጽዮን አዜመ። ማዜሙ መስማትን ተከትሎ መጣ።

ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስቱን የዜማ ስልቶች አስተማረ፤ ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም የንጉሡ ጦር እግሩን ወግቶ ደሙ ሲፈስ፣ ሁለቱም በዜማው ተመስጠው አልታወቃቸውም። በመጨረሻም ንጉሡን አሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራሮች በመውጣት በዚያ እያስተማረ ኖረ።

አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክቶችን ያዘጋጁት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። እንግዲህ ዜማው ሺህ ዓመት ለሚያህል ጊዜ የተላለፈው ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ነበር። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢጣልያው መነኩሴ ጉይዶ ዘአሬዞ ለድምፅ ደረጃዎች ስም ሰጥቶ፣ ብላቴኖች ከአንዱ ወደ ሌላው መሸጋገርን በጆሮ እንዲለዩ አስተምሯል። በእኛ ዘንድ ደረት ድምፅን ከደረት ያወጣል፣ ቅናት ወደ ላይ ያነሣል፣ ድፋት ዝቅ ያደርጋል፣ ርክርክ ያንቀጠቅጣል፣ ቁርጥ ያቋርጣል። ይሁን እንጂ ምልክቱ የሚያስታውሰው አስቀድሞ የተሰማውን ነው። ምን ያህል ከፍ እንደሚባል፣ ምን ያህልም ዝቅ እንደሚባል የሚያስለየው መምህሩ ነው፤ እርሱ ይመራል፣ ተማሪው ይቀበላል፤ ከሳተም ይታረማል፣ እንደገናም ይቀበላል። የተቀረጸ ድምፅ ማሰማት ይችላል፤ የሳተውን ማረም ግን አይችልም።

ስለዚህ ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በጌዶም ሆነ በሌላው የሀገራችን ክፍል፣ ልጁን ለዜማ ትምህርት የሰጠ ቤተሰብ ሁለት ነገር ያስብ። አንደኛው፣ ቃናው በስድስተኛው ቀን አልያዝ ቢለው ልጁን ሰነፍ ብሎ ከትምህርቱ እንዳያስቀር ነው። ሁለተኛው ደግሞ መምህሩን በቀለቡና በልብሱ እንዳይዘነጋ ነው። መምህሩ ያለ ተተኪ ያለፈ እንደ ሆነ መጽሐፉ ከነምልክቱ ይቀራል፤ የሚያሰማው ግን አይኖርም።

የቅዱስ ያሬድ በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።