የቀዩን ቫይታሚን ምስጢር የፈታች ሴት

እኛ የአያት እናቶችና እህቶች በጾም ወራት ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት ከገበታችን እናርቃለን። ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ከእነዚሁ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲጎድል የደም ማነስ ያመጣል፤ እጅና እግር ያደነዝዛል። የዚህን ቫይታሚን ቅርጽ ለዓለም ያሳየችው ዶሮቲ ሆጅኪን ናትና ታሪኳን ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን እናካፍላለን።

ዶሮቲ እ.ኤ.አ. በ1910 ካይሮ ተወለደች። አባቷ በጎረቤታችን ሱዳን በትምህርት ሥራ ያገለግሉ ነበር። በልጅነቷ ወላጆቿን ለመጠየቅ ካርቱም በሄደች ጊዜ አንድ ኬሚስት የኬሚካል ሣጥን ሰጣት፤ ፍላጎቷም በረታ። ኦክስፎርድ ተምራ እዚያው ተመራማሪ ሆነች። ገና በወጣትነቷ የመገጣጠሚያ ሕመም ያዛት፤ ጣቶቿ ተጣመሙ። እሷ ግን ሦስት ልጆች እያሳደገች ሥራዋን ቀጠለች።

በ1948 የቢ12 ቀይ ክሪስታል እጇ ገባ። በኤክስሬይ ስትመረምረው 8 ዓመት ፈጀባት። በ1956 ቅርጹ ታወቀ፦ መካከሉ ላይ ኮባልት የተባለ ብረት አለ። ኮባልቱን በስድስት አቅጣጫ የሚይዙትን ኬሚስቶች ሊጋንድ ይሏቸዋል። አራት ናይትሮጅኖች እንደ ቀለበት ይከቡታል፤ አምስተኛው ከታች ይደግፈዋል። የላይኛው ስድስተኛ ቦታ ተለዋዋጭ ነው፤ ቫይታሚኑ በሰውነታችን ውስጥ የሚሠራውም በዚያ በኩል ነው።

በ1964 የኬሚስትሪ ኖቤልን ብቻዋን ተሸለመች። በ1994 አረፈች።

ከመካከላችን እጅ እግሯ የሚደነዝዛት ብትኖር፣ በተለይም ነፍሰ ጡር ወይም አጥቢ ከሆነች፣ ድካም ነው ብላ ዝም አትበል። ጤና ጣቢያ ሄዳ ትመርመር።