ቻርለስ ኮርትኒ፣ የተማሪ ቀዛፊዎች አሠልጣኝ

በሰሜን አሜሪካ፣ በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት፣ ካዩጋ የሚባል ረጅምና ጠባብ ሐይቅ ይገኛል። ቻርለስ ኮርትኒ በ1849 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚሁ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ በምትገኘው ዩኒየን ስፕሪንግስ በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለደ። መተዳደሪያው የአናጢነት ሙያ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮም የጀልባ ቀዘፋን ስለ ወደደ፣ በ1876 ዓ.ም. በፊላደልፊያ በተደረገው ታላቅ ውድድር አሸንፎ ስሙ በአገሩ ሁሉ ተሰማ።

በማግሥቱ ዓመት ለገንዘብ ከሚወዳደሩት ጎራ ገባ፤ መከራውም ከዚህ ይጀምራል። በዚያ ዘመን ለገንዘብ የሚደረግ ቀዘፋ ከቁማር የማይለይ ነበርና፣ የተሸነፈ ሁሉ ተሸጠ ይባል ነበር። በ1878 ዓ.ም. በካናዳ፣ ላሺን በተባለ ስፍራ፣ በኔድ ሃንላን በጥቂት ርቀት ተቀደመ፤ ወዲያውም ሐሜቱ ተነሣ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ በሻቶኳ ሐይቅ ለ6,000 ዶላር ሊወዳደሩ ተቀጣጠሩ። በውድድሩ ዕለት ጠዋት ግን የኮርትኒ ጀልባዎች በመጋዝ ተቆርጠው ተገኙ። ጠላት አደረገው ያሉ ነበሩ፤ ሽንፈትን ፈርቶ ራሱ አስቆረጠው ያሉም አልጠፉም። በ1880 ዓ.ም. በዋሽንግተን እንደገና ተገናኝተው፣ ኮርትኒ ርቀቱን ሳይጨርስ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው እምነቱን ነፈገው።

እንዲህ ያለውን ሰው፣ በዚያው ሐይቅ ደቡባዊ ጫፍ በኢታካ ከተማ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1883 ዓ.ም. ተማሪዎቹን እንዲያሠለጥን ጠራው። ብዙ ወላጅ ልጁን በእጁ ሊያኖር የማይደፍረው ሰው ስለ ነበር፣ የጠሩት ሰዎች ድፍረት ያስደንቃል። በ1889 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉ ጊዜውን ለዚሁ ሥራ ሰጠ።

ባለ ስምንት መቅዘፊያ ጀልባ ስምንት ቀዛፊዎችንና አንድ መሪ ያዥን ትይዛለች። የአንዱ ጉልበት ብቻውን ምንም አይረባም፤ ስምንቱ መቅዘፊያዎች በአንድ ቅጽበት ውኃ ካልነኩና በአንድ ቅጽበት ካልወጡ፣ ጀልባዋ ትወላገዳለች፤ ፍጥነቷም ይሰበራል። ስለዚህ ኮርትኒ በክረምት፣ ብርዱ ከውኃ በሚያስወጣበት ወራት፣ ወጣቶቹን በአዳራሽ ውስጥ በመቅዘፊያ መሣሪያዎች ላይ አስቀምጦ ያለማምዳቸው ነበር። በእንግሊዝ ኦክስፎርድና ኬምብሪጅ የጀልባውን ሰዎች የሚመርጠው ከተማሪዎቹ አንዱ ሲሆን፣ በኮርኔል ግን ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ የሚወስነው አሠልጣኙ ነበር። የሚበሉትንና የሚጠጡትንም እርሱ ይቆጣጠር ነበር።

በ1897 ዓ.ም. አምስት ምርጥ ቀዛፊዎቹ ከውድድር በፊት የእንጆሪ ኬክ በሉ። ኮርትኒም አምስቱንም ከጀልባዋ አስወጥቶ በቦታቸው ሌሎችን ተካ። ቅጣቱ ለአንድ ቁራሽ ኬክ እጅግ የከበደ ነው፤ ወጣቶችን የሚመራ ሰው ሁሉ እንዲህ ያድርግ ለማለት አልደፍርም። ሆኖም በስሙ ላይ ሐሜት የተጫነበት ሰው ደንቡን ለአንድ ቀን ቢያላላ ምን ይባል እንደ ነበር መገመት አያዳግትም። በዚያው ዓመት ኮርኔል በፖኪፕሲ ከተማ፣ በሃድሰን ወንዝ ላይ፣ ሃርቫርድንና ዬልን አሸነፈ።

ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1895 ዓ.ም.፣ ተማሪዎቹን ይዞ ወደ እንግሊዝ ሄንሊ ተሻግሮ ነበር። የሄንሊ ደንብ በእጁ ሥራ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው፣ አናጢም ቢሆን፣ እንዳይወዳደር ይከለክል ስለ ነበር፣ ኮርትኒ ራሱ በዚያ ውኃ ላይ ሊወዳደር ባልተፈቀደለትም ነበር። በመጀመሪያው ቀን ተፎካካሪው የሊያንደር ቡድን ዝግጁ አለመሆኑን ቢናገርም፣ ዳኛው ሳይሰማ ውድድሩን አስጀመረ። ኮርኔል ብቻውን ቀዝፎ አለፈ፤ ይህም እንግሊዛውያንን እጅግ አስቆጣ። በማግሥቱ ከኬምብሪጅ ትሪኒቲ ሆል ጋር ሲገጥም የኮርኔል ልጆች አቅማቸው ተሟጥጦ ተሸነፉ። የድሮው ጥርጣሬ በባዕድ አገር እንደገና ቢነሣበትም፣ ኮርትኒ ወደ ሐይቁ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ።

በፖኪፕሲው ታላቅ ውድድር የኮርኔል ባለ ስምንት ጀልባ በእርሱ ዘመን 14 ጊዜ ድል አድርጋለች። በ1915 ዓ.ም. ወደ ውድድሩ በባቡር ሲጓዝ ራሱን ተመትቶ የራስ ቅሉ ቢሰነጠቅም ከልጆቹ አልተለየም፤ እነርሱም አሸነፉ። በ1920 ዓ.ም. በካዩጋ ሐይቅ አጠገብ ዐረፈ። ጀልባዎቹን በመጋዝ የቆረጠው ማን እንደ ሆነ ግን እስከ ዛሬ አልታወቀም።