የራሳቸውን መዝሀብ ኪታብ የፈተሹት የዘይላው ሊቅ

እገሌ ተናገረ የተባለ ነገር በስክሪንሾት ሲዞር ስታዩ መጀመሪያ ምን ትጠይቃላችሁ? የት ተናገረ? ማን ሰማው? አይደል? ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ከ660 ዓመት በፊት አንድ ግዙፍ የሕግ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የበረበሩ የእኛ አካባቢ ሰው ነበሩ። ሼህ ጀማሉዲን አብዱላህ ቢን ዩሱፍ አል-ዘይለዒ ይባላሉ።

ዘይላ ዛሬ ሶማሌላንድ ውስጥ ያለች ወደብ ናት። ያኔ ግን ወደ ኢፋት የሚወጣው ቅፍለት መነሻ ነበረች። ግብፅና ሶርያ ውስጥማ ኢፋትን፣ ደዋሮን፣ ሐድያንና ባሌን ጨምሮ ሰባቱንም የሙስሊም ግዛቶች በጅምላ የዘይላ አገር ነበር የሚሏቸው። ዘመኑ ዓፄ ዓምደ ጽዮንና ኢፋት የተዋጉበት ዘመን ነው።

እኛ ጎጃም ውስጥ ከአዴት ተነስቶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ከደብር ደብር የሚዞረውን ተማሪ እናውቀዋለን። የዚያኛው ወገን ደረሳ ደግሞ ባሕር ተሻግሮ ካይሮ ይገባ ነበር። በ705 ዓመተ ሂጅራ ካይሮ የገቡት ፈኽሩዲን አል-ዘይለዒ እዚያው አስተማሩ፣ ፈትዋ ሰጡ፣ በሐነፊ ፊቅህ ተብዪን አል-ሐቃኢቅ የተባለውን ትልቅ ማብራሪያ ጻፉ። ጀማሉዲን የእሳቸው ተማሪ ናቸው። ሁለቱም ዘይለዒ ስለሚባሉ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል፣ እናንተ እንዳትሳሳቱ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከሐነፊ መዝሀብ ዋና ኪታቦች አንዱ አል-ሂዳያ ነው። የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1197 ያረፉት የፈርጋናው ሊቅ አል-መርጊናኒ ናቸው። ኒካህ፣ ፍቺ፣ ሽያጭ፣ ዕዳ፣ ብዙ ነገር አለበት! ቃዲ በዚህ ተመርቶ ይፈርዳል። ችግሩ፣ ኪታቡ ማስረጃ ብሎ ብዙ ሐዲስ ይጠቅሳል እንጂ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ሌሎቹ መዝሀቦች ደግሞ ሐነፊዎችን ከሐዲስ ይልቅ በራሳቸው አስተያየት ይፈርዳሉ እያሉ ይተቹ ነበር። አስቡት፣ የአንዲት ሴት የፍቺ ጉዳይ የሚወሰነው ማንም ባልመዘገበው ንግግር ቢሆንስ?

ጀማሉዲን ቁጭ ብለው እያንዳንዱን ሐዲስ ተከታተሉ። የትኛው ኪታብ ላይ አለ? ማን ከማን ሰምቶ አስተላለፈው? ሊቃውንቱ ስለ ተራኪው ምን አሉ? ደካማ ከሆነ ደካማ ነው ብለው ይጽፋሉ። ምንጩን ካጡት ደግሞ ገሪብ የምትል ቃል ያስቀምጣሉ፣ እንግዳ እንደማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይህን የሚያደርጉት በራሳቸው መዝሀብ ኪታብ ላይ ነው! በዚህም አላበቁም፣ የተቃራኒውን ወገን ማስረጃ አምጥተው እዚያው ጎን ይደረድሩታል። ሥራቸው ነስብ አር-ራያ ተባለ።

እኛን በጣም የማረከን ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያው ጊዜ ካይሮ ውስጥ ዘይኑዲን አል-ዒራቂ የተባሉ የሻፊዒ መዝሀብ ሊቅ ተመሳሳይ ሥራ በኢማም ገዛሊ ኢሕያእ ላይ ይሠሩ ነበር። መዝሀባቸው ይለያያል፣ እነሱ ግን የሐዲስ መጻሕፍትን አብረው እያገላበጡ አንዱ ለሌላው ይረዳ ነበር። ይህን የነገሩንም የአል-ዒራቂ ተማሪ ኢብን ሐጀር ናቸው፣ እሳቸውም በኋላ ነስብ አር-ራያን አሳጥረው አል-ዲራያ የሚል ኪታብ አወጡ።

ጀማሉዲን በ762 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1360፣ ካይሮ አረፉ። አገራችን ላይ ዓፄ ሰይፈ አርዕድ የነገሡበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ኪታቡ ለአምስት መቶ ዓመት ገደማ በእጅ እየተገለበጠ ኖረ። መጀመሪያ ህንድ ውስጥ ታተመ። ቀጥሎ ጉጅራት፣ ዳብሄል ላይ የነበረ የዑለማዎች ተቋም ሰዎቹን ካይሮ ድረስ ልኮ እ.ኤ.አ. በ1938 በአራት ቅጽ፣ ከግርጌ ማስታወሻ ጋር አሳተመው። የዘይላው ሰው ካይሮ ላይ የጻፉትን ህንዶች መልሰው ካይሮ ወስደው አሳተሙት ማለት ነው።

ዛሬ ፒዲኤፉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ዐረብኛ የምታነቡ አውርዱና አንዱን ቅጽ ክፈቱ፣ ገሪብ የምትለዋን ቃል ለማግኘት ብዙ ገጽ አትገልጡም።