ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ፤ ዜማቸውን ለሸክላ የሰጡ ቀዳሚ

የጥር ወር ሲገባ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባለው አገር የሠርግ ዳስ ይጣላል፤ አዝማሪም ማሲንቆውን አንግቶ ከቀዬ ወደ ቀዬ ይዘልቃል። ከታዳሚው አንዱ ተነሥቶ ተቀበል ይለዋል፤ አዝማሪው የተሰጠውን ግጥም በዜማ ያስገባል፣ ከራሱም ይጨምርበታል። የተወደሰው ሰው ገንዘብ አውጥቶ ከግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ሒሳቡም እዚያው ይዘጋል። በማግሥቱ ግጥሙ በሌላ አዝማሪ አፍ ቢሰማ ጠያቂ የለውም። ወደ ዋሸራ ወደመሳሰሉት የጎጃም የቅኔ ጉባኤያት ዘወር ብንልም ተማሪው ዕለት ዕለት አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት እንጂ በትናንቱ አይኖርም። አዝማሪውም ባለቅኔውም የፈጠራ ሰዎች ናቸው፤ ይሁን እንጂ ሁለቱም የፈጠሩትን በተወለደበት ቀን በትነውት ይሄዳሉ።

ዜማን በቦታው ላልነበረ፣ ገና ላልተወለደም አድማጭ ማቆየትና ለገበያ ማቅረብ እንደሚቻል ከኢትዮጵያውያን መካከል በቀዳሚነት ያሳዩት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። የጎጃም ተወላጅ ባይሆኑም የሕይወታቸው ታሪክ ዛሬ በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም የራሱን ዜማ ደርሶ ገዥ ለሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚነገር ነው።

ነጋድራስ ተሰማ በ1869 ዓ.ም. በሸዋ፣ በምንጃር ተወለዱ። ያደጉበት ዘመን የአድዋ ድል የተገኘበት፣ አዲስ አበባም ከድንኳን ከተማነት ወደ መዲናነት የተለወጠችበት ዘመን ነበር። በግጥም ችሎታቸውና በሰላ አንደበታቸው በመኳንንቱ ዘንድ ታወቁ። እንደሚታወቀው በዚያን ጊዜ መዝፈን የአዝማሪ ሙያ ተብሎ ይናቅ ነበር፤ በሠርግና በግብር ላይ አዝማሪ ይፈለጋል፣ ይሸለማልም፣ ግን ከጨዋ ሰው ጋር በእኩል አይቆጠርም። የቤተ መንግሥት ሰው ሆኖ ማንጎራጎር ለጨዋታ ያህል ይታለፍ ይሆናል፤ ድምፅን ለሽያጭ ማቅረብ ግን ሌላ ነገር ነው። ነጋድራስ ተሰማ የተሻገሩት የመጀመሪያው ወንዝ ይህ ነበር።

ወደ ጀርመን አገር የሄዱት ለዘፈን አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለዳግማዊ ምኒልክ አንዱ በእንግሊዛዊ፣ ሌላው በጀርመናዊ እጅ ሁለት አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገብተው ነበር። መኪናውን የሚነዳና የሚጠግን የአገር ልጅ በማስፈለጉ ንጉሠ ነገሥቱ ተሰማን ለትምህርት ላኳቸው። እሳቸውም ከተላኩበት ሙያ ጎን ሌላ በር አንኳኩ። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ውስጥ እዚያው ጀርመን አገር በማሲንቆ የታጀበውን ዘፈናቸውን ከደርዘን በሚበልጡ ሸክላዎች አስቀረጹ። ለኢትዮጵያ ሙዚቃ የሸክላ ታሪክ መነሻው ይህ ነው።

ሥራው እንደዛሬው ቀላል አልነበረም። በዚያን ዘመን በቀረጻ ቤት ማይክሮፎን አይታወቅም። ዘፋኙ በትልቅ ጡሩምባ አፍ ፊት ቆሞ ድምፁን ወደ ውስጥ ይልካል፤ በጡሩምባው ጫፍ ያለው ስስ ሽፋን ይርገበገባል፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው መርፌም በሚሽከረከር ሰም ላይ ድምፁን ይቀርጻል። ቅኝት ቢሳት ወይም ትንፋሽ ቢያጥር ማረሚያ የለም፤ ያለው መንገድ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣት ነው። አንዱ ገጽ የሚይዘው ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ያህል ነው። በዳስ ውስጥ እንደ ታዳሚው ስሜት የሚረዝም የሚያጥረው ዘፈን እዚያ በልክ መቆረጥ ነበረበት። ተቀበል የሚል የለም፣ እልል የሚል የለም፣ ቅኔው የሚገባውም ሰው በአጠገብ የለም። ሰምና ወርቅ የለመደ ባለግጥም ቃሉን በእውነተኛው ሰም ላይ ሲያኖር፣ ወርቁን የሚያገኘው አድማጭ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ እንደሚገኝ ማመን ነበረበት።

ሸክላው መታተሙ ግን ገበያ አገኘ ማለት አይደለም። የጂቡቲ የምድር ባቡር በዚያን ጊዜ የሚደርሰው እስከ ድሬዳዋ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ዕቃ የሚጓዘው በጋማ ከብት ነው። ሸክላ ደግሞ በቀላሉ የሚሰበር ዕቃ ነው። ግራማፎን የሚገኘውም በቤተ መንግሥትና በጥቂት ባለጸጎች ቤት ነበር። በጎጃም ገጠር የሚኖር ገበሬ ዘፈኑን ቢወደው እንኳ ሊገዛው የሚችልበት መንገድ አልነበረም። በመሆኑም ሥራው ከገበያው ቀድሞ ደረሰ። የፈጠራ ሰው ትዕግሥት ከሁሉ በላይ የሚፈተነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው፤ ሥራው ሳይጎድል መንገዱ፣ ዕቃውና ሕጉ ገና ሳይደርሱ ሲቀሩ።

ከጀርመን ከተመለሱ በኋላ በልጅ ኢያሱ ዘንድ ተወዳጅ ሆነው ከፍ ላለ ሹመት በቁ። ነጋድራስ ማለት የነጋዴዎች አለቃ ነውና፣ ዜማን በሸክላ ለገበያ ያቀረበው ቀዳሚ ሰው ይህን ማዕርግ መያዙ ያጋጣሚ ነገር ቢሆንም የሚያስደንቅ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ግን የወዳጃቸው ዕድልም አብሮ ተገለበጠ። ሹመቱ ሄደ፤ ግጥሙ ግን አልሄደም። ባለሥልጣን የሾመውን ሊሽር ይችላል፤ በሰው አፍ የገባውን ስንኝ ግን የሚሽር አዋጅ የለም። ነጋድራስ ተሰማ በባለቅኔነታቸው እንደታወቁ ረጅም ዕድሜ ኖረው በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. አረፉ።

በሕይወት ሳሉ የሙዚቃው ገበያ ብዙ ተለዋወጠ። በ1927 ዓ.ም. የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በ1940 ዓ.ም. ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለዚሁ ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህም ሥርዓት የግል አሳታሚን በር ዘጋ። በሩን የከፈተው በ1961 ዓ.ም. አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ነው፤ ክልከላውን ተዳፍሮ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈኖች በህንድ አገር አሳተመ። ከነጋድራስ ተሰማ ቀረጻ እስከዚህ ቀን ስድሳ ዓመት ገደማ አልፏል። እሳቸው ካረፉ ገና አራት ዓመት ተኩል ያህል ነበር።

ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ በእግር ኳስ ሜዳና በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንትነት የአባታቸውን ስም በሌላ መስክ አስጠሩ። የአባትየው ድምፅም አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2011 ያ ቀረጻ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሃያ ሰባተኛ ቅጽ ሆኖ በፈረንሳይ አገር እንደገና ታተመ። የመጀመሪያው ሸክላ ከተቀረጸ አንድ ምዕተ ዓመት ሞልቶት ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሙያ ባልደረቦች የሚቀስሙት ዝም ብሎ መጠበቅን አይደለም። ነጋድራስ ተሰማ ዕድል ቤታቸው ድረስ እስኪመጣ አልተቀመጡም፤ ለሌላ ጉዳይ በሄዱበት አገር ሥራቸውን አቀረቡ። ትዕግሥት የተባለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ያቀረቡት ሥራ በአንድ ቀን ፍርድ እንደማይመዘን ማወቅ። እሳቸው ያልነበራቸው ደግሞ ዛሬ አለ። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትን ባለቤትነት ደነገገ፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ጠበቀ፤ አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ የፈጠራ ሰዎች ክፍያቸውን በማኅበር እንዲሰበስቡ መንገድ ከፈተ። ስለዚህ በፍኖተ ሰላም ዜማ የሚደርስ ወጣት አንድ አሳታሚ ቢመልሰው ወደ ሌላው ይሂድ፤ ግጥሙንና ዜማውን በስሙና በቀኑ ይመዝግብ፤ ውሉንም አንብቦ፣ ምን እንደሸጠና ምን እንዳስቀረ ለይቶ ይፈርም። በዳስ ውስጥ ከግንባር ላይ የሚለጠፈው ገንዘብ የዕለቱን ድካም ይክሳል፤ ዜማው ራሱ ግን ከዕለቱ የሚያልፍ ዋጋ አለውና፣ ባለቤቱ በችኮላ እንዳይለቀው ያስፈልጋል።