ቴዎዶር ቦቬሪ፤ ከፈረስ ወስፋት እስከ ቆሽት ነቀርሳ

በጦር ኃይሎች አካባቢ ከሚገኘውና ቀድሞ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያነት ይጠራ ከነበረው ሆስፒታል ጀምሮ እስከ ሩቅ ገጠር ጤና ጣቢያ ድረስ፣ በአገራችን የላቦራቶሪ ሙያ የሚማር ሰው በማይክሮስኮፕ ሥር ፈጥኖ ከሚለያቸው ነገሮች አንዱ የወስፋት እንቁላል ነው። የዚህ የዘወትር እንግዳችን ዘመድ የሆነው የፈረስ ወስፋት፣ ስለ ነቀርሳ አመጣጥ ዛሬ የምንቀበለውን ሐሳብ አስቀድሞ በሰፊው ለዘረጋው ሊቅ መምህሩ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቴዎዶር ቦቬሪ ኦክቶበር 12 ቀን 1862 በጀርመን አገር በባምበርግ ከተማ ተወለደ። ወንድሙ ዋልተር፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ስሙ የገነነውን የብራውን ቦቬሪን ኩባንያ በ1891 ከመሠረቱት ሁለት ሰዎች አንዱ ነው። ቴዎዶር ግን በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ታሪክና ፍልስፍና ጀምሮ፣ ብዙ ሳይቆይ ወደ አካል ጥናትና ወደ ሥነ ሕይወት ዞረ። ሥዕልና ሙዚቃም ይወድ ነበር፤ እጁና ዓይኑ ለማይክሮስኮፕ ሥራ የሠለጠኑት በከፊል በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

የፈረስ ወስፋትን የመረጠው በምክንያት ነው። ክሮሞሶሞቹ ሁለት ወይም አራት ብቻ፣ እነርሱም ትልልቅ ስለሆኑ ያለ ስሕተት ይቆጠራሉ። ቦቬሪ እንቁላሉ ሲከፈል ደረጃ በደረጃ እየተከታተለ፣ ክሮሞሶሞች በክፍፍልና በክፍፍል መካከል ከዓይን ቢሰወሩም ማንነታቸውን ሳያጡ እንደሚመለሱ አሳየ። በ1887 ደግሞ አንድ እንግዳ ነገር አየ። ዘር ለመሆን የተለየው ሕዋስ ክሮሞሶሞቹን እንዳሉ ሲጠብቅ፣ ገላ የሚሆኑት ሕዋሳት ግን ከክሮሞሶሞቻቸው ከፊሉን ቆርጠው ይጥላሉ። ኋላም ይህን የሚወስነው በኒውክሊየሱ ዙሪያ ያለው ሳይቶፕላዝም መሆኑን በሙከራ አረጋገጠ። ስለዚህ የሕዋስ ዕጣ የሚወሰነው በወረሰው ነገር ብቻ ሳይሆን፣ የወረሰው በምን ትእዛዝ እንደሚሠራበትም ጭምር ነው። ዛሬ ኤፒጄኔቲክስ የሚባለው የምርምር ዘርፍ የሚያጠናው ክሮሞሶም መቁረጥን ሳይሆን በጂኖች ላይ የሚጣበቁ ምልክቶችን ነው፤ ጥያቄው ግን ያው የቦቬሪ ጥያቄ ነው።

በ1893 በቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ ማርሴላ ኦግሬዲ የምትባል አሜሪካዊት የሥነ ሕይወት ምሁር ከእርሱ ዘንድ ለመሥራት መጣች፤ በ1897 ተጋቡ። ከዚያ ወዲህ የቦቬሪ ሥራ የብቻው አልነበረም። ባልና ሚስቱ በናፖሊ የባሕር ምርምር ጣቢያ የባሕር ጃርት የሚባለውን እሾሃማ እንስሳ እንቁላል አብረው መረመሩ።

ወሳኙም ሙከራ ይኸው ነው። ሁለት የወንድ ዘር በአንድነት የገባበት እንቁላል በሁለት መከፈል ሲገባው በአንድ ጊዜ በአራት ይከፈላል፤ ሦስቱ የክሮሞሶም ስብስቦችም ዕጣ እንደ ተጣለባቸው ለአራቱ ይበታተናሉ። ቦቬሪ አራቱን ሕዋሳት ለያይቶ ሲያሳድጋቸው እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ተበላሸ። በ1902 ያወጣው መደምደሚያ፣ እያንዳንዱ ክሮሞሶም የየራሱ ተግባር ስላለው ጤናማ ዕድገት ሙሉውን ስብስብ ይሻል የሚል ነው። ከተበላሹት ሕዋሳት አብዛኞቹ ይሞታሉ። ነገር ግን አንዱ በአጋጣሚ የመግቻ ክሮሞሶሙን ብቻ አጥቶ ቢተርፍስ?

ይህን ጥያቄ በ1914 ስለ አደገኛ እባጮች አመጣጥ ባሳተመው ትንሽ መጽሐፍ አብራራው። እባጭ ከአንድ ሕዋስ ይወለዳል፤ መከፈልን የሚያነሣሡና መከፈልን የሚገቱ ክሮሞሶሞች አሉ፤ ሚዛናቸው ሲዛባ ሕዋሱ ልጓም ያጣል። ሐንዘማን በ1890 በእባጭ ሕዋሳት ውስጥ የተዛባ ክፍፍል ማየቱን ቢጽፍም፣ ነገሩን እስከ ምክንያቱ የገፋው ቦቬሪ ነው። ሐኪሞቹ ግን ቸል አሉት። እጅግ ሊፈረድባቸው አይገባም፤ የሰው ክሮሞሶም 46 መሆኑ እንኳ በትክክል የተቆጠረው በ1956 ነው።

የሐሳቡን ክብደት ለመመዘን ከቆሽት ነቀርሳ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። አማርኛችን የመረረ ኀዘንን ቆሽቴ አረረ ብሎ ሲገልጽ፣ ብልቱ ምን ያህል ተሰውሮ እንደሚቀመጥ ያወቀ ይመስላል። ከጨጓራ በስተ ኋላ ስለሚገኝ፣ በሽተኛው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ወይም ክብደቱ ቀንሶ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የቀዶ ሕክምናው ሰዓት አልፏል። በአሜሪካ እንኳ በቅርብ ዓመታት አምስት ዓመት የሚቆየው ከ100 ታማሚዎች 13 ያህሉ ብቻ ነው። በ1988 ኬራስ የተባለው አነሣሽ ጂን በአብዛኞቹ እነዚህ እባጮች ተለውጦ ተገኘ። ከሚገቱት መካከል ቲፒ53፣ ሲዲኬኤን2ኤ እና ስማድ4 በየጊዜው ጠፍተው ወይም ተበላሽተው ይታያሉ። ሲዲኬኤን2ኤ አንዳንዴ ጂኑ ራሱ ይጠፋል፤ አንዳንዴ ጂኑ ሳይጎድል በሜቲል ምልክት አፉ ይዘጋል። የቦቬሪ ሁለት ጥያቄዎች በአንድ ጂን ላይ ተገናኙ ማለት ነው።

በ2010 የታተመ ጥናት ከመጀመሪያው ለውጥ እስከ እውነተኛው ነቀርሳ ሕዋስ መወለድ ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ እንደሚያልፍ ገመተ። ተመራማሪዎች ዛሬ በደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን የተለወጠ ወይም ሜቲል የተጣበቀበት ዲ.ኤን.ኤ. የሚያድኑት ይህን ጊዜ ለመጠቀም ነው፤ ሥራው ገና በሙከራ ላይ ነው። በሕክምና በኩል፣ የቢ.አር.ሲ.ኤ. ጂን ጉድለት ለወረሱ ታማሚዎች ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት በ2019 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ግን የሚጠቅመው ጥቂቶችን ነው።

ቦቬሪ ከዚህ አንዱንም አላየም። በበርሊን አዲስ የሚቋቋመውን የሥነ ሕይወት ምርምር ተቋም እንዲመራ ቢጠየቅም፣ ጤናው ለዓመታት ታውኮ ስለ ነበር በ1913 እምቢ አለ። ኦክቶበር 15 ቀን 1915፣ 53 ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን በቩርትስቡርግ ሞተ። ያን መጽሐፍ ከመረሳት ያወጣችው ማርሴላ ናት፤ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ በ1929 አሳተመችው።